የሳይንስ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ጎመን ላይ የተንከባለለችው ጠብታ

የክበባችን የዘንድሮ ሥራ የተነሳው ከአንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጥያቄ ነው። ጥቅምት ላይ የትምህርት ቤቱን ጓሮ ውሃ እያጠጣን ነበር። «ቲቸር፣ ጎመኑን ውሃው ለምን አያረጥበውም?» አለችኝ። ጎንበስ ብለን አየን። ጠብታዋ እንደ ዶቃ ክብ ሆና ቅጠሉ ላይ ትንከባለላለች። ልጅቷ ቅጠሉን በጣቷ ጠረግ አደረገችው። ጣቷ ላይ ነጭ ብናኝ ቀረ። የተጠረገው ቦታ ላይ ውሃ ስታንጠባጥብ እንደ ቅድሙ አልተንከባለለም፤ ተንጣልሎ ቀረ።

ያ ብናኝ ሰም ነው። የባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል ላይ የምናየው አመድ መሳይ ነገርም እሱው ነው። ተክሉ ውሃው ተንኖ እንዳያልቅበት ቅጠሉን ይቀባበታል። በዚያው ሳምንት «ይህ ሰም የድሮ ዝናብ መዝገብ ነው» ስላቸው ማንም አላመነኝም። አልፈርድባቸውም። እኔም መጀመሪያ ሳነበው ደግሜ ነው ያነበብኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ሁሉ እኩል አይመዝንም። ከ6,400 ገደማ አንዱ እጥፍ ይከብዳል፤ ዲዩቴሪየም ይባላል። በእኛ አካባቢ ባሉ ሞቃት አገሮች ዝናብ ሲበረታ፣ በዝናቡ ውስጥ የዲዩቴሪየም ድርሻ ያንሳል። ድርቅ ሲሆን ደግሞ ቀላሉ ውሃ ቀድሞ ይተናል፣ ከባዱ ይቀራል። ተክሉ ያገኘውን ውሃ በሥሩ ጠጥቶ በዚያው ሃይድሮጂን ሰሙን ይሠራል። ቅጠሉ ረግፎ ይበሰብሳል፤ ሰሙ ግን በቀላሉ አይጠፋም። ንፋስና ጎርፍ ሐይቅ ውስጥ ይከቱታል። እዚያ፣ ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ሥር፣ ሺህ ዓመታት ይቀመጣል። ተመራማሪዎች ጭቃውን በረጅም ቱቦ ያወጡና 27፣ 29 እና 31 ካርቦን ያላቸውን የሰም ሰንሰለቶች ለይተው የሃይድሮጂኑን ክብደት ይለካሉ።

የወሎ ልጅ የ66ን እና የ77ን ድርቅ እየሰማ ያድጋል። የአንድ ተማሪ አያት ክበባችን ድረስ መጥተው፣ በልጉ ሲቀር ቤተሰብ ምን እንደሚሆን ሲነግሩን ክፍሉ ጸጥ አለ። ሲጨርሱ «አብሽሩ ልጆቼ» ብለው መርቀውን ሄዱ። ያንን ታሪክ ልጆቻችን ማወቅ አለባቸው። ግን የአገራቸው ዝናብ ታሪክ በዚያ ብቻ እንዲጀምርና እንዲያልቅ አልፈልግም። ጣና ራሱ ከ17,000 ዓመት በፊት ገደማ ደርቆ ነበር። ከዚያ ዝናቡ ተመለሰ። ከ15,000 እስከ 5,000 ዓመት በፊት በነበረው ጊዜ፣ ሰሐራ እንኳ ሣርና ሐይቅ ነበረው። የምድር ዛቢያ እንደ እንዝርት ቀስ ብሎ ስለሚወዛወዝ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለችው ፀሐይ በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በርትታ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት ይህን እርጥብ ዘመን ከጣና ደለል በወጣ የቅጠል ሰም አንብቦታል። ይህን ስነግራቸው ከኋላ ወንበር «የእኛስ ሐይቅ?» የሚል ድምፅ መጣ።

ስለዚህ የካቲት ላይ «ሐይቅ» ወደሚባለው የወሎ ሐይቅ ሄድን። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዳር፣ ውሃው ጉልበት በማይደርስበት ቦታ፣ አንድ የፕላስቲክ ቱቦ ጭቃው ውስጥ ተክለን አወጣን። ቱቦው በቁመቱ ሲሰነጠቅ ልጆቹ ተጋፍተው አዩት። ከላይ ቡናማ፣ ከሥር ጥቁር። ጥቁሩ ላይ የቅጠል ቁራጭ ተጣብቋል፤ ጅማቱ ሳይቀር ይታያል። ሽታው ከባድ ነበር፤ አፍንጫውን ይዞ የሸሸ ግን አልነበረም።

በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ የበለጠ ያስደሰተኝ ክርክር የተነሳው ስንመለስ መኪና ውስጥ ነው። ካርቦንም የራሱን ወሬ ይነግራል ብያቸው ነበር። የጤፍ፣ የማሽላና የበቆሎ ሰም ከዛፍ፣ ከስንዴና ከገብስ ሰም በካርቦኑ ክብደት ይለያል፤ ስለዚህ ካርቦኑ ሲቀየር ዝናቡ የተቀየረ ሊመስል ይችላል። አንድ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ታዲያ «ሰው ጫካውን መንጥሮ ማሽላ ቢዘራስ? ዝናቡ ሳይቀንስ ሰሙ ይቀየራል እኮ!» አለ። በትክክል! ለዚህ ነው ተመራማሪዎች በአንድ ምስክር የማይፈርዱት። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የሐይቅና የጎረቤቱ የአርዲቦ ሐይቅ ጥናት ጭቃው ውስጥ የቀረውን የአበባ ዱቄት ቆጥሯል። ከ2,500 ዓመት በፊት ገደማ ዝግባና ጽድ አንሰው ክትክታና ሣር በዝተዋል። ከ1400 እስከ 1700 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ደግሞ ጽድና ወይራ ተመልሰዋል። ሰሙን ከዚህ ጋር አስተያይቶ ማንበብ ያስፈልጋል።

ሰሙን የሚለካ መሣሪያ የለንም። ዝናቡን ግን መለካት እንችላለን። ሃይላንድ ቆርጠን፣ አንገቱን ገልብጠን እንደ ማጥለያ ከተትንበት። የሃይላንድ ቂጥ ወጣ ገባ ስለሆነ ጠጠር ጨምረን፣ ውሃ እስከ ዜሮው መስመር ሞላንበት። አንዱን እዚህ ደሴ፣ ሌላውን ኮምቦልቻ የአንዲት ተማሪ አክስት ጓሮ አስቀመጥን። አክስቷ ራሳቸው እያነበቡ በስልክ ይልኩልን ነበር፤ እናመሰግናለን። ኮምቦልቻ ከደሴ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። ደመና ሽቅብ ሲወጣ ከባዱን ውሃ ቀድሞ ስለሚጥል፣ ከፍ ብሎ የሚዘንበው ቀለል ይላል። አንድ ቀን የሁለቱን ከተሞች ውሃ የሚመዝንልን ቤተ ሙከራ ብናገኝ ብዬ እመኛለሁ።

ችግኝ ተከላውና የሰልፍ ሜዳው ኤግዚቢሽን እንደ ወትሮው ተካሂደዋል።

የቀረን የክረምቱ ጉዳይ ነው። ዋናው ዝናብ የሚወርደው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነው። ስለዚህ ስድስት ተማሪዎች ሃይላንዳቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ሄደዋል፤ ሁለቱ ወደ ገጠር። ማንበቢያው ጠዋት 3 ሰዓት ነው። ያልዘነበ ቀንም ዜሮ ተብሎ ይጻፋል። ደብተሮቹን መስከረም ላይ እንሰበስባለን።