ፈቃዱን በጽሑፍ ስጡን፦ ለስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣

በመጠለያ ጣቢያ ውስጥ አነስተኛ ምግብ ቤት ለመክፈት እየተዘጋጀን ያለን ስደተኞች ነን። ማን እንደሚያበስል፣ ማን ሒሳብ እንደሚይዝ ተስማምተናል፤ መነሻ ገንዘቡም ከየቤቱ ተዋጥቷል። የቀረን ፈቃዱ ነው።

ስንጠይቅ «ሥሩ፣ ማን ይከለክላችኋል?» ተባልን። ቅንነቱን እናከብራለን። ነገር ግን በቃል የተሰጠ ፈቃድ ኃላፊው የተቀየረ ዕለት አብሮት ይሄዳል። ምድጃ ስንሠራ፣ ወለሉን በሲሚንቶ ስናስለስን የምናወጣው ገንዘብ ተነቅሎ የሚወሰድ አይደለም። ነገ «አፍርሱ» ብንባል የሚፈርሰው ሰው ከራሽኑ ቆጥቦ ያዋጣው ነው። ወረቀት በእጃችን ከሌለም ነጋዴው ዱቤ አያምነንም፤ የጫንነውን ዕቃ ኬላ ላይ የእኛ ነው ብለን ማስረዳትም ይቸግረናል።

የምንለምነው ችሮታ አይደለም። የ1951 የስደተኞች ስምምነት አንቀጽ 18 በሕጋዊ መንገድ በአገሩ ያለ ስደተኛ በራሱ ንግድ እንዲሠማራ፣ ቢያንስ ለሌሎች የውጭ ዜጎች የሚሰጠው መብት እንዳይነፈገው ይደነግጋል።

ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀን ውኃ ነው። የስፊር የሰብአዊ እርዳታ መመዘኛ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ይላል፤ ይህ ግን ለመጠጥ፣ ለማብሰያና ለገላ የሚሆን የቤት ድርሻ ነው። ምግብ ቤት በዚህ ስሌት ውስጥ የለም። ሰሃን የምናጥበው ከልጆቻችን ጀሪካን ቀንሰን ከሆነ ወይ ቤት ይጎድላል፣ ወይ ሰሃኑ በቅጡ አይታጠብም። ስለዚህ ከፍለን የምንቀዳው ውኃ ለብቻው ይመደብልን።

ቦታውንም እናንተው ምረጡልን። ሸራና ላስቲክ በተጠጋጋበት መካከል ቀኑን ሙሉ እሳት ማንደድ ጎረቤትን ማስጋት ነው፤ ከመጠለያዎቹ ራቅ ያለ፣ የእሳት አደጋ መኪና የሚደርስበት ዳርቻ ይሻለናል።

የጤና ተቆጣጣሪም ይምጣብን፣ ደስ ይለናል። የበሰለ ምግብ ከ60 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ትኩስ ሆኖ መቆየት እንዳለበት፣ እንዲሁ ከተቀመጠ ከ2 ሰዓት ማለፍ እንደሌለበት እናውቃለን። ማቀዝቀዣ ስለሌለን ከምሳ የተረፈውን ለእራት አናቀርብም፤ ያቀድነው በትንሽ በትንሹ ደጋግመን ለማብሰል ነው። የጎደለንን የሚነግረን ሰው ከመክፈታችን በፊት ቢመጣ ለእኛም ለተመጋቢውም ይበጃል።

እስካሁን አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲልከን ቆይቷል። ፈቃዱን የሚሰጠው አንድ ቢሮ ተለይቶ ይነገረን። ፈቃዱ በየዓመቱ የሚታደስ፣ የሚሰረዝበት ምክንያትም በውስጡ የተጻፈ ይሁን። መልሱ «አይቻልም» ከሆነም ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይድረሰን፤ ገንዘቡን ላዋጡት እንመልሳለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የምግብ ቤቱ መሥራቾች