ስለ ጥቁሩ ሂናና ስለ ልጆቻችን ቆዳ

ውድ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ። መጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቅ። በባህል ቀናችን ልጆቹ እጃቸው ላይ ጥቁር ሂና እንዲሳሉ የፈቀድኩት እኔ ነኝ። የምትስለውን ሴት የጋበዛት ትምህርት ቤቱ ነው። ስዕሉ አምሮኝ ቆሜ አይቻለሁ፤ ምን እንደተቀላቀለበት ግን አልጠየቅኩም።

በዓሉ ቅዳሜ ነበር። እሁድ ሁሉም ደህና ዋለ። ሰኞ ከሰዓት በኋላ የመጀመሪያው ስልክ ተደወለ፤ ማክሰኞ አራት ደረሱ። የልጆቹ እጅ በተሳለው አበባ ቅርጽ ልክ ቀልቷል፣ አብጧል፣ ውኃ ቋጥሯል። አንዱ ቤት የትምህርት ቤቱን ምሳ ጠረጠረ። አንዷ እናት «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ አሸች። ሌላ ቤት «ሸረሪት ሸንቶበት ነው» ተባለ። አልፈርድም። እኔ ራሴ መጀመሪያ ያሰብኩት ግቢው ውስጥ ያስረጨነውን የተባይ መድኃኒት ነው። ቅዳሜን ማንም አላስታወሰም።

የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ኬሚካል ቆዳ ላይ የሚያስነሳው አለርጂ እንደ ንብ ንድፊያ ወዲያው አይታይም። ቆዳው ነገሩን ከዚህ በፊት የሚያውቀው ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ቀን ይቆያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሳምንት ድረስ ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ ልጃችሁ ቅዳሜ ተስሎ እስካሁን ምንም ካልሆነ፣ እባካችሁ ሁለት ሳምንት እስኪሞላ እጁን እያያችሁ ቆዩ። ሌላ ጊዜም ሽፍታ ስታዩ የዛሬውን ምሳ ብቻ ሳይሆን የትናንት በስቲያውን ቅባት፣ ሻምፑና ጌጥ አስታውሱ።

አሁን ስለ ሂናው ልንገራችሁ። የሂና ቅጠል የሚሰጠው ቀለም ብርቱካንማ ወይም ቀይ ቡኒ ነው። እናቶቻችን የሚሞቁት እንሶስላም ቀይ ነው፤ ሌሊቱን ታስሮ አድሮ ነው ጠዋት የሚያምረው። ድቅድቅ ብሎ የጠቆረና ቶሎ የሚይዝ «ሂና» ካያችሁ ግን ቅጠሉ ብቻውን አይደለም። ብዙውን ጊዜ የፀጉር ማጥቆሪያ ተጨምሮበታል። ሱዳን ወይም ዓረብ አገር የኖራችሁ በሰርግ ላይ ሳታዩት አትቀሩም። ማጥቆሪያው ውስጥ ያለው ኬሚካል ፓራፌኒሊንዲያሚን፣ በአጭሩ ፒፒዲ ይባላል። አሜሪካ ለፀጉር ቀለም ትፈቅደዋለች፤ በቀጥታ ቆዳ ላይ መቀባቱን ግን አትፈቅድም። በአውሮፓ ኅብረት ፀጉር ላይ ሲደርስ ከ2 በመቶ መብለጥ የለበትም። በየበዓሉ የሚበጠበጠውን ጥቁር ሂና ግን ማን ይለካዋል? በግምት ነው።

ቁስሉ ይድናል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ቆዳ አንዴ ፒፒዲን እንደ ጠላት ካወቀው በኋላ አይረሳውም። ዛሬ የ11 ዓመት ልጅ የሆነች ተማሪ አድጋ ለሰርጓ ፀጉሯን ጥቁር ስትቀባ ፊቷ ሊያብጥ፣ ዓይኗ ሊከደን ይችላል። ቤንዞኬይን ያለባቸው ማደንዘዣ ቅባቶችም አንዳንዱን ሰው እንደዚሁ ያስቆጡታል። የተጎዱት ልጆች ወላጆች ይህንን ለሐኪሙ ንገሩና በካርዱ ላይ ይጻፍ። ልጆቹም ይወቁት፤ ነገ ፀጉር ቤት ገብተው የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

ነገሩን ካነሳሁ አይቀር፣ ነርሷ ዓመቱን ሙሉ የምታየውንም ልጨምር። እምብርት ሥር የማይለቅ ክብ ሽፍታ ያለበት ልጅ ካለ የቀበቶውን ዘለበት ወይም የጂንሱን ቁልፍ ተመልከቱ። ጥፋተኛው ብዙ ጊዜ ኒኬል የሚባል ብረት ነው። ላብ ከብረቱ ላይ ያወጣዋል፣ ቆዳው ይቆጣል። ሸሚዙን ሱሪው ውስጥ ማስገባት ብቻውን የሚረዳቸው ልጆች አሉ። የርካሽ ጉትቻም ጣጣ ይኸው ነው። ዋይፕስም (እርጥቡ መጥረጊያ) አለ። አንዳንዱ ውስጥ ሜቲልአይሶቲያዞሊኖን የሚባል፣ እንዳይበላሽ የሚጠብቅና ቆዳን ሊያስቆጣ የሚችል ኬሚካል ይገባበታል። አውሮፓ ኅብረት ተቀብተው ሳይታጠቡ ቆዳ ላይ የሚቆዩ መዋቢያዎች ውስጥ ካገደው ቆይቷል፤ የ2016 እ.ኤ.አ. ውሳኔ ነው። እኛ ዘንድ ግን ፓኬቱን ገልብጦ የሚያነብ ጥቂት ነው። ፊትና እጅ በውኃ ይታጠብ፤ ዋይፕስ ለመንገድ ይሁን።

በረኪና ለየት ይላል። እሱ አብዛኛውን ጊዜ አለርጂ አይደለም፣ ቃጠሎ ነው፤ ማንንም ያቃጥላል። እዚህ ላይ የራሳችንን ጉድ አልደብቅም። የተማሪዎች መታጠቢያ ላይ የነበረው ፈሳሽ ሳሙና የዕቃ ማጠቢያ ነበር፣ በውኃ የቀጠነ። የበርካታ ልጆች እጅ እየደረቀ የተሰነጣጠቀው በብርዱ ብቻ አይመስለኝም። ከሰኞ ጀምሮ በደረቅ ሳሙና ተተክቷል።

አሁን ቤት ውስጥ ቁስል ያለባችሁ፣ ሎሚም ነጭ ሽንኩርትም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡበት። ነጭ ሽንኩርት ራሱ ቆዳ ያቃጥላል። የጎረቤት ቅባትም ይቅር፤ ብዙዎቹ ጠንካራ መድኃኒት አለባቸው፣ የልጅ ቆዳ ደግሞ ስስ ነው። በንጹህ ውኃ አጥባችሁ ሐኪም አሳዩ። ቁስሉ ከሰፋ ወይም መግል ከያዘ አትዘግዩ። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። የአለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ያለ ስፔሻሊስት የማይፈታውን ያያል። ስትሄዱ የተጠረጠረውን ዕቃ ማሸጊያ፣ ከሌለ የሽፍታውን ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ። ለሐኪሙ ከወሬ ይልቅ ማሸጊያው ይጠቅመዋል።

የሙአለ ሕፃናት ምረቃ ቀርቧል። በዚያን ዕለት ግቢ ውስጥ ሂናም የፊት ቀለምም አይኖርም። ቤታችሁ አያት ካሉና እንሶስላ ሊያሞቁ ከፈለጉ ግን ደስ ይለናል፤ ምንም ያልተቀላቀለበት መሆኑን ብቻ አረጋግጡልን። የሕክምና ወጪ ያወጣችሁ ወላጆች ደረሰኙን ለሒሳብ ክፍል አስረክቡ፤ ትምህርት ቤቱ ይከፍላል። ነርሷ እስከ አርብ ድረስ ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ቢሮዋ ናት፤ ልጁንም ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
ርዕሰ መምህሩ