ሁለት ሳምንት ያለፈው ቁስል

አቡሽ፣ የኔ ጌታ፣ እንዴት ሰነበትክ? እህትህ ሁሉንም ነግራኛለች፣ እንዳትቆጣት። ምላስህ ጎን ላይ ያለችው ቁስል ለጥምቀትም ነበረች አሉ። ይኸው ዐቢይ ጾም ገባ! ይሄ ምች አይደለም። ምች ከንፈር ላይ ወጥቶ በሳምንት በአስር ቀን ይደርቃል። ዳማከሴውን ተወው። ሁለት ሳምንት ያለፈው የአፍ ቁስል ሐኪም ያየዋል፣ በቃ።

"አያመኝም" ብለሃታል። እኔን ያስደነገጠኝ እሱ ነው። የአፍ ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። ካንሰር ነው አላልኩም፣ የተሰበረ ጥርስ እየፋቀህም ሊሆን ይችላል። ግን አንተ ከሚሌ ጋላፊ ሌሊቱን በጫትና በሲጋራ የምትነዳ፣ ስታራግፍ ደግሞ የምትጠጣ ሰው ነህ። ሲጋራና መጠጥ ሲገናኙ አደጋው አይደመርም፣ ይባዛል።

አጎትህ ሱረት ይወድ ነበር። መጀመሪያ ድድ ነው ብለው ማጉመጥመጫ ሰጡት። ከዚያ ጥርስ ሐኪም ጋ ሄዶ መንጋጋ ጥርሱን አስነቀለ። ሌላው አሞክሳሲሊን አዘዘለት፣ አልሻል ሲለው እንደገና አሞክሳሲሊን። አንዳቸውም ምላሱን ስበው አላዩም! በዚያች እንጨት ምላሱን ተጭነው "አ በል" ነው የሚሉት፤ እንጨቷ ጉሮሮ ታሳያለች እንጂ የምላስን ጎንና ሥር አታሳይም፣ ካንሰሩ የሚወደው ደግሞ እዚያ ነው። ጥቁር አንበሳ ሲደርስ አንገቱ አብጦ ነበር። ያኔ በአገሩ ሁሉ የጨረር ሕክምና ያለው እዚያ ብቻ ነበር፣ ወረፋውን ተወው። ያ ጨዋታ አዋቂ ወንድሜ በመጨረሻ መናገር አቅቶት ቀልዱን በወረቀት እየጻፈ ያስቀኝ ነበር። ለምን ይሄን እንደማወራህ እንጃ፣ ስለ አንተ ነበር የጀመርኩት።

ስማኝ። ሐኪሙ ጥርስህን ብቻ አይቶ እንዳይሸኝህ። ምላስህን በጎዝ ይዞ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ይሳበው። ጫት የምትይዝበትን ጉንጭ ገልብጦ ይይ። የምላስህን ሥር በጣቱ ይዳስስ፣ አንገትህንም። ነጭ ወይም ቀይ ምልክት ካለ ይንገርህ፣ ቀዩ ይብሳል። ስለ ጫቱም ስለ ሲጋራውም አትዋሽ፣ ሐኪም ቄስ አይደለም። ናሙና ልውሰድ ካለህ እሺ በል። "ብረት ከነካው ይሰራጫል" የሚሉህን ሹፌሮች እንዳትሰማ፣ ያደንዝዙሃል፣ ትንሽ ነው የሚቆርጡት።

ህንድ ኬረላ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ የሰለጠኑ ጤና ሠራተኞች ቤት ለቤት እየዞሩ የሰው አፍ በዓይናቸው መረመሩ። በ2005 ውጤቱ ሲወጣ፣ ትምባሆ ወይም መጠጥ ከሚጠቀሙት መካከል በአፍ ካንሰር የሚሞተው በሲሶ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። በማይጠቀሙት ላይ ግን ለውጥ አልታየም። አንተ ከየትኛው ወገን እንደሆንክ ልንገርህ?

ሁለት ሳምንት አልፎታል፣ አቡሽ። ማክሰኞ ጭነት የለህም አሉ፣ ማክሰኞ ሂድ። ብሩን በቴሌብር ልኬያለሁ፣ ለጎማ እንዳታውለው። የናሙናውን ውጤት ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝ፤ "ደህና ነው አሉኝ" የሚል ወሬ አልቀበልም፣ ጡረታ ብወጣም ነርስ ነኝ። በሶና ሽሮ በእህትህ በኩል ይደርስሃል። ሽሮው አያቃጥልም፣ በርበሬውን ቀንሼዋለሁ።

እናትህ