የኮምፒውተር ክበባችን ዓመት፦ ድራይቨርን በሰላም ማውጣት

የኮምፒውተር ክበብ ሲባል "ጌም ነው የሚጫወቱት" የሚል ሰው በዚህ ግቢ አሁንም አለ። ዘንድሮ ልጆቹ የሠሩትን ያየ ግን እንደዚያ አይልም። የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት የሆነው ከርነል ውስጥ ገብተው የራሳቸውን ድራይቨር፣ ማለትም ኮምፒውተሩ አንድን መሣሪያ የሚያዝበትን ፕሮግራም፣ ጽፈዋል፤ አልፈው ተርፈውም ማሽኑ ሳይጠፋ ድራይቨሩን ከከርነሉ በሰላም ማውጣት ችለዋል። ከባዱ ይሄኛው ነው።

የመጀመሪያውን መንፈቅ ባጭሩ ልለፈው። ሐሙስ ሐሙስ ተሰበሰብን፣ ኮሚቴ መረጥን፣ ሲ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ከለስን። ትምህርቱ ሲጠጥርባቸው የቀሩም አሉ።

ነገሩ የጣፈጠው ሁለተኛው መንፈቅ ላይ ነው። ድራይቨር ማውጣት ቤት እንደማፍረስ ነው፤ መጀመሪያ አዲስ ሰው እንዳይገባ በሩ ይዘጋል፣ ውስጥ ያሉት እስኪወጡ ይጠበቃል፣ ግድግዳው የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ከርነሉም የእያንዳንዱን ድራይቨር ተጠቃሚዎች ይቆጥራል። ቁጥሩን በሚያሳየው ኤልኤስሞድ በሚባለው ትዕዛዝ ስታዩት ዜሮ ካልሆነ፣ የማውጫው ትዕዛዝ አርኤምሞድ "ሥራ ላይ ነው" ብሎ እምቢ ይላል። በግድ ማውጣትም የሚቻልበት አማራጭ አለ፤ በክበባችን ግን ክልክል ነው።

አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪያችን በድሮው የፕሪንተር መሰኪያ በኩል ትንሽ መብራት ብልጭ ድርግም የሚያደርግ ድራይቨር ጻፈች። ቁጥሩ ዜሮ መሆኑን አይታ አወጣችው። ወዲያው ማሽኑ ድርቅ አለ፣ ስክሪኑ በጽሑፍ ተሞላ፣ የኪቦርዱ መብራቶች ይበሩ ይጠፉ ጀመር። "ዜሮ ይላል እኮ!" አለች። ስክሪኑን በስልኬ ፎቶ አንስታ መስመር በመስመር አነበበችው፤ በመጨረሻ የወጣው ሞጁል (ከርነሉ ውስጥ የሚገባና የሚወጣ ክፍል) በሚለው ቦታ ላይ የራሷ ድራይቨር ስም ተቀምጧል። ለካ ያ ቁጥር መብራቱን በየጊዜው ብልጭ የሚያደርገውን ታይመር አይጨምርም! ሰዓቱ ሲደርስ ታይመሩ ፈንክሽኑን (የሚያሠራውን የድራይቨሩን የኮድ ክፍል) ጠራ፣ ፈንክሽኑ ግን ከሜሞሪ ወጥቷል።

ታይመሩን የሚሰርዝ መስመር ጨመረች፣ ሠራ፣ ጓደኞቿ አጨበጨቡ። እሷ ግን አልረካችም። ድራይቨሩን ደጋግሞ የሚያስገባና የሚያወጣ ስክሪፕት ጽፋ ለቀቀችው፣ ከብዙ ዙር በኋላ ማሽኑ እንደገና ወደቀ። ታይመሩ በፕሮሰሰሩ አንዱ ኮር (የሥራ ክፍል) ላይ ሲሰረዝ ፈንክሽኑ በሌላው ኮር ላይ ገና እየሠራ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ መሰረዝ ብቻ አይበቃም፣ የጀመረውን እስኪጨርስ መጠበቅም ያስፈልጋል። ይህን ራሷ ደረሰችበት። የሚጠብቀውን ትዕዛዝ ስታስገባ ስክሪፕቱ ደወል እስኪደወል ድረስ ያለምንም ችግር ሲዞር ቆየ። "ሠራልኝ" ብሎ የማይቀመጥ ልጅ ማየት ለአስተማሪ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል።

ችግሩም አልጠፋም። ማሽኖቹ ሲወድቁ ዲስኩ ላይ ያለው መረጃ ሊጎዳ ይችላል፤ የአንዱ ፋይል ሲስተም (ፋይሎቹ ዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) ተበላሽቶ ሁሉንም እንደ አዲስ ጫንን። ልጆቹ በቨርቹዋል ማሽን፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ በሶፍትዌር በተሠራ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ቢሞክሩ ኖሮ የሚወድቀው እሱ ብቻ ነበር፤ የእኛ ኮምፒውተሮች ሜሞሪ ግን ይህን አይችልም። በየዓመቱ "በጀት የለም" እንባላለን። እሺ፣ በጀት አይኑር፤ መጋዘን ውስጥ አቧራ የሚጠጡት ኮምፒውተሮች ግን ለምን አይሰጡንም?

ለከርሞ የዩኤስቢ ድራይቨር ልንጀምር ነው። እዚያ ደግሞ መሣሪያው ማንንም ሳያስፈቅድ ተነቅሎ ይወጣል፣ ድራይቨሩም ለዚህ ዝግጁ መሆን አለበት። ወላጆች፣ የቀድሞ ተማሪዎች፣ ከተበላሸ ኮምፒውተር የተነቀለ ሜሞሪ ቤታችሁ ካለ አምጡልን። ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ቤተ ሙከራው ውስጥ ነን።