ቀሪው ነገ

ውድ አባባ፣

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ሆነ? እህቴ መድኃኒቱን ደብቀው እንደሚተዉት ነግራኛለች፤ እኔ እንደነገርኩዎት አይንገሯት።

እኔ ደህና ነኝ። አሁንም ሎስ አንጀለስ ውስጥ ምግብ አደርሳለሁ። ባለፈው ትእዛዝ ይዤ ሰንሴትና ጋወር የሚባሉ መንገዶች የሚገናኙበት ጥግ ስቆም፣ ፊት ለፊቱ እንደ ካውቦይ ከተማ የተሠራ የሱቅ መደዳ አየሁ። ድሮ ፊልም ላይ ካውቦይ ሆነው የሚሠሩ አጃቢ ተዋንያን ከነባርኔጣቸውና ከነቡትስ ጫማቸው ቆመው የቀን ሥራ የሚጠብቁት እዚህ ነበር አሉኝ። ሠፈሩን ‹‹የድሆች ረድፍ›› ይሉት ነበር፤ በትንሽ ብር ፊልም የሚሠሩ ሰዎች የሞሉበት ስለነበር ነው።

ማታ ቤት ገብቼ ስለነዚህ ሰዎች ሳነብ ናት ሌቪን የሚባለው ላይ ስደርስ ብቻዬን ሳቅሁ። እርስዎን አየሁኛ!

ሰውየው የማርከስ ሎው ሲኒማ ቤቶች ውስጥ ከተላላኪነት ነው የጀመረው። እ.ኤ.አ. በ1927 ማስኮት የሚባል ድርጅት አቋቁሞ በየሳምንቱ አንድ አንድ ክፍል የሚታይ ተከታታይ ፊልም ይሠራ ጀመር፤ ብዙዎቹ 12 ክፍል አላቸው። ጊዜ ገንዘብ ስለሆነበት ለአንድ ፊልም ሁለት ዳይሬክተር ይቀጥራል፤ አንዱ ሲቀርጽ ሌላው የነገውን ያሰናዳል። እርስዎ የሚወዱት ጆን ዌይንም ስሙ ሳይገን፣ በ1932 እና በ1933፣ ሦስት ተከታታይ ሠርቶለታል።

የክፍሉ መጨረሻ ላይ መኪናው ከነሰውየው ገደል ይገባል፣ አለቀ። ልጁ ሳምንቱን ሙሉ ሲጨነቅ ከርሞ ከፍሎ ሲመለስ፣ ሰውየው መኪናው ሳይወድቅ ዘሎ ወርዶ ኖሯል!

ቪዲዮ ቤታችን ትዝ አይልዎትም? 50 ሳንቲም ከፍለን አግዳሚው ላይ ተጣብበን፣ የህንዱ ተዋናይ አሚታብ ቡጢውን ልክ ሲያነሳ ዴኩን ያጠፉና ‹‹ቀሪው ነገ!›› ይላሉ። በማግስቱ ትምህርት ቤት ‹‹አባትህ ሳንቲማችንን በላ›› ብለው አስለቀሱኝ፤ እኔም ሦስት ቀን አኮረፍኩዎት። ለካ ሆሊዉድም በዚሁ ነው እንጀራ የበላው።

የሌቪን መጨረሻ ግን አሳዘነኝ። እነዚያ ትንንሽ ድርጅቶች ፊልም የሚያሳጥቡትና የሚያሳትሙት በዱቤ ነበር፤ በ1935 የማጠቢያ ቤቱ ባለቤት ኸርበርት የትስ እሱንና ሌሎቹን አጠቃልሎ ሪፐብሊክ የሚባል ስቱዲዮ አደረጋቸው። የዱቤን ነገር ለእርስዎ አልነግርም፤ ካሴት አከራዩ ዴካችንን ተሸክሞ የሄደ ዕለት በሩ ላይ ቆሜ አይቻለሁ። ሌቪን ከሁለት ዓመት በኋላ ድርሻውን ሸጦ ወጣ፤ ገንዘቡን ቁማር በላው ይባላል። በኋላ እዚሁ አካባቢ የአንድ ሲኒማ ቤት ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ሠራ፣ በ1989 በ90 ዓመቱ አረፈ። ሰዎች ይህን እንደ ውርደት ነው የሚጽፉት። እኔ ግን እርስዎ መብራት ከጠፋ በኋላ በመጋረጃው ቀዳዳ የእኛን ፊት ሲያዩ ስለማውቅ፣ ሰውየው እዚያ በር ላይ ቆሞ ሰው ሲያስገባ የተከፋ አይመስለኝም።

አልጋው ሥር ያለውን የካሴት ካርቶን ማንም እንዳይጥለው። እህቴ ቤት ስታጸዳ ዓይኗ አርፎበታል አሉ።

ደግሞ አንድ ነገር። ባኮረፍኩባቸው በእነዚያ ሦስት ቀናት ቪዲዮ ቤት አልገባሁም፤ ልጆቹን መጠየቅም ኩራቴ ከለከለኝ። አሚታብ ቡጢውን ካነሳ በኋላ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሁድ ስደውል ይንገሩኝ፤ ደግሞ መሃሉ ላይ እንዳያቋርጡት።

ልጅዎ