ትንሹ ክለብ ትልቁን በሜዳው ይቀበል

ክቡር አዘጋጅ፣

ይህን ደብዳቤ ከደሴ የምጽፍላችሁ ስለ አንድ የውድድር ደንብ ነው። በኢትዮጵያ ዋንጫ ጥሎ ማለፍ ከፕሪሚየር ሊግ በታች ያለ ክለብ ከፕሪሚየር ሊግ ክለብ ጋር በዕጣ ሲገናኝ፣ ጨዋታው ሁልጊዜ በታችኛው ክለብ ሜዳ እንዲካሄድ በግልጽ እንዲደነገግ እጠይቃለሁ። የየክልሉ አሸናፊዎችም በቅድመ ማጣሪያ አልፈው ወደዚሁ ውድድር የሚገቡበት ቋሚ መንገድ ሊኖር ይገባል። ሁለቱ ጥያቄዎች በእኔ እምነት አንድ ናቸው፤ ዋንጫው «የኢትዮጵያ» ከተባለ፣ ክለብ ያላት ከተማ ሁሉ እንደ አቅሟ ልትደርስበት የምትችል መሆን አለበት።

ሊግ የሚፈርደው በወራት ድምር ነው። ብዙ ተጫዋች ያለው፣ ደመወዝ በጊዜው የሚከፍል፣ ጉዳት ሲገጥመው ተተኪ የማያጣ ክለብ በመጨረሻ ከፊት መገኘቱ አይቀርም፤ ይህም ተገቢ ነው። ጥሎ ማለፍ ግን የአንድ ቀን ፍርድ ስለሆነ፣ ዘጠና ደቂቃ በሥርዓት የተከላከለ፣ ያገኛትን አንዲት የማዕዘን ምት የተጠቀመ ወይም በመለያ ምት ልቡ ያልራደ ቡድን በብዙ የሚበልጠውን ሊጥል ይችላል። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ወላይታ ድቻ በ2009 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ዋንጫ በማንሣቱ ወደ ካፍ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ገባ፤ በ2010 ዓ.ም. የአፍሪካ ሻምፒዮኖችን ዋንጫ አምስት ጊዜ የወሰደውን ዛማሌክን ሐዋሳ ላይ 2 ለ 1 አሸንፎ፣ ካይሮ ላይ በተመሳሳይ ውጤት ተሸንፎ፣ በመለያ ምት ከውድድር አስወጣው። ድቻ በወቅቱ የፕሪሚየር ሊግ ክለብ እንደነበር አውቃለሁ። ቢሆንም የሶዶ ክለብ እንጂ የመዲናዋ ባለጸጋ አልነበረም፤ ካይሮ ያደረሰውም የሊግ ደረጃው ሳይሆን ጥሎ ማለፉ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ፕሪሚየር ሊጉ እንደ ባሕር ዳር፣ ጅማ፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ ባሉ የተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወረ ሲካሄድ ቆይቷል። አሠራሩ ለቴሌቪዥን ሥርጭት አመቺ መሆኑንና ከሥርጭቱ የሚገኘው ገንዘብ ለክለቦቹ ድጋፍ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ከእነዚህ ከተሞች ውጭ ያለ ተመልካች ትልልቆቹን ክለቦች በዓይኑ የሚያይበት ዕድል በእጅጉ ጠብቧል። ወልድያ ከተማ በ2009 እና በ2010 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ በተጫወተ ጊዜ የእኛ አካባቢ ሰው 120 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ጨዋታ ማየት ይችል ነበር፤ ክለቡ ከወረደ ወዲህ ያም ቀርቷል። ዛሬ የደሴ ልጅ የማንቸስተርን ተቀያሪዎች ሳይቀር በስም ይጠራል፤ በዲኤስቲቪ ቤት ሁለት ሰዓት ቆሞ ጨዋታ የሚከታተል ወጣት ግን ለከተማው ክለብ ሆጤ ስታዲየም ድረስ የሚያስወጣው ምክንያት በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ሊፈጠርለት አልቻለም። ቅዱስ ጊዮርጊስ ወይም ኢትዮጵያ ቡና በጥሎ ማለፍ ዕጣ ወደ ሆጤ ቢመጣ፣ ያን ቀን ስታዲየሙ ባዶ ወንበር ይኖረዋል ብዬ አላምንም።

በዚያው በዲኤስቲቪ የምናያቸው አገሮች ይህን በደንብ አስበውበታል። በፈረንሳይ ዋንጫ ከተጋጣሚው ሁለት ደረጃና ከዚያ በላይ ዝቅ ያለ ክለብ በዕጣው እንግዳ ሆኖ ቢወጣ እንኳ ሜዳው ተገልብጦ ለእርሱ ይሰጣል። በጀርመን ዋንጫ ከ64ቱ ተሳታፊዎች 24ቱ የሚመጡት በየአካባቢው የእግር ኳስ ማኅበራት በኩል ሲሆን፣ በመጀመሪያው ዙር ከላይኛው ሊግ የመጣውን ክለብ በሜዳቸው ይቀበላሉ። በእንግሊዝ ከአራቱ ከፍተኛ ዲቪዚዮኖችና ከ92ቱ ክለቦቻቸው በታች ያሉት የሰፈርና የትንንሽ ከተማ ክለቦች ለኤፍኤ ዋንጫ ማጣራት የሚጀምሩት ገና በነሐሴ ነው፤ የፕሪሚየር ሊግ ክለቦች የሚቀላቀሉት በጥር፣ በሦስተኛው ዙር ነው። እስከዚያ የቆየ ትንሽ ክለብ በዕጣው ስሙ ቀድሞ ከወጣ ባለሜዳው እርሱ ነው።

እ.ኤ.አ. በጥር 2021 ስምንተኛ እርከን ላይ የሚጫወተው ማሪን ቶተንሃምን በሜዳው የተቀበለበት ጨዋታ ለእኛ ብዙ ያስተምራል። ቶተንሃም ከሁለት ዓመት በፊት ለአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የደረሰ ክለብ ነው። የማሪን ሜዳ በአንድ በኩል ከመኖሪያ ቤቶች ጓሮ ጋር የሚዋሰን ነው፤ ማንም ግን «ሜዳው አይመጥንም፣ ጨዋታው ወደ ለንደን ይዛወር» አላለም። ማሪን 5 ለ 0 ተሸነፈ። በወረርሽኙ ምክንያት ተመልካች መግባት ስላልተፈቀደ ክለቡ ለደጋፊዎች በስልክና በኮምፒውተር የሚገዛ የመታሰቢያ ትኬት አቅርቦ ከ30,000 በላይ ሸጠ። እኛ ዘንድ ቴሌብር አለ፤ በአዲስ አበባም በውጭ አገርም የሚኖር ብዙ የወሎ ተወላጅ አለ። የደሴ ከተማ ወይም የወሎ ኮምቦልቻ ክለብ አንድ ትልቅ ጨዋታ በሜዳው ቢያገኝ፣ እንዲህ ያለውን ትኬት የሚገዛ ደጋፊ እንደማያጣ እርግጠኛ ነኝ። የታችኛው ሊግ ክለቦቻችን በአብዛኛው የከተማ አስተዳደሩን በጀት ጠባቂዎች መሆናቸውን ስናስብ፣ ይህ ገቢ ለአንድ ክለብ ምን ማለት እንደሆነ የክለብ አስተዳዳሪዎች ያውቁታል።

የሚነሡትን ተቃውሞዎች አውቃለሁ። የመጀመሪያው የሜዳ ጥራት ነው። ካፍ ስታዲየሞቻችንን ለዓለም አቀፍ ጨዋታ ብቁ አይደሉም በማለቱ ብሔራዊ ቡድናችን ሜዳውን ውጭ አገር ለማድረግ እንደተገደደ ሁላችንም በቁጭት አይተናል። ይሁን እንጂ የካፍ መስፈርት ለካፍ ጨዋታዎች የወጣ ነው፤ ለአገር ውስጥ ጥሎ ማለፍ የሳር ወይም የአፈር ሜዳውን ደኅንነት፣ መልበሻ ክፍሉንና አጥሩን መርምሮ የሚወስን ኮሚሽነር ይበቃል። ሜዳው በእውነት የማይሆን ከሆነ ደግሞ በአቅራቢያው ያለ ይፈለግ። የፈረንሳዩ አማተር ክለብ ካሌ እ.ኤ.አ. በ2000 የአገሪቱን ሻምፒዮን ቦርዶን በግማሽ ፍጻሜ 3 ለ 1 ያሸነፈው በጎረቤት ከተማ ላንስ ስታዲየም ነበር። የደሴ ሜዳ ባይፈቀድ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከሐረጎ ግርጌ ነው፤ ወልድያም ትልቅ ስታዲየም አለ።

ሁለተኛው የጉዞ ወጪ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። የሚያንገበግበኝ፣ ይህ ወጪ የሚነሣው ትልቁ ክለብ ይጓዝ በተባለ ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። የእኛ ልጆች ሌሊት ተነሥተው ቀኑን ሙሉ በአውቶቡስ ሲጓዙ ወጪውንም ድካሙንም የሚያነሣ ሰው የለም። ደሴ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ካለችው ድሬዳዋ የሚመጣ ቡድን በሁለተኛው አጋማሽ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል። ትንሹ ክለብ ያለው ጥቅም ይህ ነው፤ ገለልተኛ ሜዳ የሚባለው ይህንን ይቀማዋል።

የጸጥታውን ጉዳይ አቅልዬ አላየውም። ደሴና ኮምቦልቻ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ያለፉ ከተሞች ናቸው፤ ከዚያ ወዲህም ክልሉ ሰላሙን ሙሉ በሙሉ አላገኘም። ሰው የሚጎዳበት ጨዋታ ይካሄድ የሚል አይኖርም። ነገር ግን ውሳኔው ለእያንዳንዱ ጨዋታ፣ በጊዜው ባለው ሁኔታ፣ ምክንያቱ ለክለቡ ተጽፎ ይሰጥ እንጂ፣ አንድ ከተማ በደፈናው ለዓመታት ከዝርዝር አይሰረዝ።

ስለ ክልል ክለቦች አንድ ነገር ልጨምር። የኮምቦልቻ ፋብሪካዎች፣ ጨርቃ ጨርቁም ሌሎቹም፣ በሥራ ቀን ማሽን ላይ ቆመው የሚውሉ፣ ቅዳሜና እሑድ ጫማቸውን አጥልቀው ሜዳ የሚገቡ ወጣቶች አሏቸው። ለእነዚህ ልጆች ከክልል ውድድር ወደ አገር አቀፍ ዋንጫ አራት ወይም አምስት ጨዋታ ብቻ የሚርቅ መንገድ ቢኖር፣ መልማዮችም ወደ ወሎ የሚመጡበት ምክንያት ያገኛሉ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽንና የክልል ፌዴሬሽኖች የሚቀጥለው ዕጣ ከመውጣቱ በፊት በዚህ ላይ ቢመክሩ፣ የሜዳ ምርመራውንም ዕጣው ከወጣ በኋላ በጥድፊያ ሳይሆን የውድድር ዘመኑ ሳይጀመር ቢያካሂዱ፣ ክለቦቹ የጎደለውን ለማሟላት ጊዜ ይኖራቸዋል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጋዜጣችሁ አንባቢ፣ ከደሴ