ለሲስተርና ከጎናችን ለቆማችሁ ሁሉ

በቅድሚያ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባው። ያለፍንበትን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ አንዘረዝረውም። ከጫትና ከመጠጥ ወጥተን ትምህርታችንን የቀጠልን የሐዋሳ ተማሪዎች ዘንድሮ ጋዋን ልንለብስ ነው። ሳናመሰግን ግን ከዚህ ከተማ አንወጣም።

ሲስተር፣ ስሜን እንዳትጽፉ ስላሉን አንጽፍም። ሥራዎን ግን እንናገራለን። ማታ ይሁን የሚሉ ቢበዙም ከሱስ ለመውጣት የምንደጋገፍበትን ስብሰባ ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ያደረጉት እርስዎ ነዎት። በርጫ፣ ማለትም ጫት ተሰብስቦ መቃም፣ የሚጀመረው ያኔ ነው፤ ሐራራውም፣ ያ የሱስ ጥማት፣ የሚነሳው ያኔ ነው። «ሐራራ ሲመጣ የማያልፍ ይመስላል፣ ብዙ ጊዜ ግን ከግማሽ ሰዓት አይዘልም። ውሃ ጠጡ፣ ቦታ ቀይሩ፣ ደውሉ» ይሉን ነበር። ሲደወልም ያነሱ ነበር።

ጫት በተተወ ሰሞን ድብርትና ድካም እንደሚጫን፣ ሌሊት ዱካክ የሚባለው ቅዠት እንደሚያስጨንቅ፣ ይህም በአብዛኛው በአንድ ሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀለለ እንደሚሄድ አስቀድመው ባይነግሩን፣ ስንቱ «አበድኩ» ብሎ ወደ በርጫው ይመለስ ነበር! ጨብሲ፣ ማለትም ከጫት በኋላ መጠጣት፣ የለመደውንም መጠጡን ሳይተው ጫቱን ብቻ እተዋለሁ ሲል አያልፉትም ነበር። አንዱ ሌላውን ጎትቶ ያመጣዋልና።

በየቀኑ አብዝቶ ሲጠጣ የኖረን ሰው ደግሞ ዶርም ውስጥ ተኝቶ በራሱ እንዲያቆም ፈጽሞ አይፈቅዱም። መጠጥ በድንገት ሲቋረጥ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ሰውነትን የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ ከዚያ እስከ አራተኛው ቀን ድረስ ደግሞ ብርቱ መቃዠት ሊመጣ ይችላል። ካልታከመ ይገድላል። ስለዚህ ባጃጅ ጠርተው ራስዎ ሆስፒታል ያደርሱ ነበር፤ ግሉኮስ ሊሰቀል ሲል «ቫይታሚን ቢ 1 ቀድሞ ተሰጥቶታል?» ብለው የሚጠይቁት እርስዎ ነዎት። እናት እንኳ ይህን ሁሉ አታስብም። ዕድሜና ጤና ይስጥልን ከማለት ሌላ ምን እንላለን?

ደግሞ ይቺን ሳንናገር አናልፍም። ያገረሸበት ልጅ ሲመጣ «የት ጠፋህ?» ሳይሉ ወንበር ይስቡለታል። ብዙ ሰው የሚጠፋው ካገረሸበት በኋላ በሚሰማው ሐፍረት ነው። እርስዎ ያንን በር ዘግተውታል።

ዶርም የቀየራችሁልን ፕሮክተሮች፣ ቅጠሉን ከክፍል ያወጣችሁልን የዶርም ልጆች፣ ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ቅጽ) ሞልተው የወጡትን ያለ ነቀፋ የመለሳችሁ መምህራን፣ የሃይማኖት አባቶች፣ እሁድ እሁድ ሐይቁ ዳር እስከ አሞራ ገደል አብራችሁን የተራመዳችሁ፣ እግዜር ይስጥልን። ወላጆቻችን፣ የወሩን ገንዘብ በአንዴ መላክ ትታችሁ በየሳምንቱ በቴሌብር ጥቂት ጥቂት የላካችሁት ምን ያህል እንደጠበቀን አታውቁትም። ብዙ ብር በአንድ ቀን እጅ ሲገባ የሚፈትነው ከሱስ መውጣት ገና የጀመረውን ነው።

ያልጠቀስናችሁ አላችሁ፣ ይቅር በሉን። አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ስማችሁ ቢጠራ የእኛ ምስጢር አብሮ ይወጣል ብለን ነው።

ከታች ላላችሁ ወንድሞችና እህቶች፦ ስብሰባው ይቀጥላል። ፋይናል ሲቃረብ አትቅሩ፤ «ለንባብ ብቻ» ተብሎ የሚጀመረው ያኔ ነው። የሚያነቃው ቅጠል እንቅልፍ ነስቶ ያድራል፣ ጠዋት ፈተና ላይ ያነበባችሁት ይጠፋችኋል። ማታ ተኙ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስታችሁ አንብቡ፣ ቁርስ ሳትበሉ አትግቡ።

የዘንድሮ ተመራቂዎች፣ ሐዋሳ